ዊንዶውስ 10 ጡረታ ወጥቷል፤ የእኔ ኮምፒውተርስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከጥቅምት ወዲህ ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። ኮምፒውተሩ «ድጋፍ አብቅቷል» ብሏል፤ ጎረቤት አንድ ነገር ይመክራል፤ ጠጋኝ ሌላ ይመክራል፤ ባለቤቱ በመሃል ተጨንቋል። የዚህን ወር አምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄ የብዙዎችን ስለሚያጠቃልል ሰፋ አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ የቀሩት አጠር ይላሉ።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለልጄ ለአምዱ አዘጋጅ። እኔ አማርኛ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጎንደር፣ አዘዞ በጡረታ የምኖር ነኝ። ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የገዛሁለት ነው፤ እሱ ላፕቶፕ ሲይዝ ለእኔ ቀረልኝ። የሰፈራችንን እድር ሒሳብ በኤክሴል እይዝበታለሁ። ካናዳ ያለችውን ልጄን በቴሌግራም አያታለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን ከደምቢያና ከጭልጋ አዛውንት አፍ የሰበሰብኋቸው የለቅሶ ግጥሞችና ምሳሌያዊ አነጋገሮች በሙሉ ያሉት እዚያ ውስጥ ነው። የቀደሙትን የጻፍኋቸው ዱሮ በነበረኝ ኮምፒውተር ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር፤ በፍላሽ አዛውሬ አመጣኋቸው። አሁን ዊንዶውስ 10 ጊዜው አልፏል ይለኛል። ፒያሳ ያለ ወጣት ጠጋኝ «ሰሞኑን ጨርሶ ይቆምብዎታል፤ ዛሬውኑ ያምጡልኝና ዊንዶውስ 11 ልጫንልዎት» አለኝ። የእድራችን ጸሐፊ ደግሞ «እሱን ጣለውና አዲስ ግዛ» ይላል። ስለ ኮምፒውተሩ የሚናገረውን ገጽ ስከፍት ኢንቴል ኮር አይ5-6500፣ ራም 4 ጊጋባይት ይላል። የመምህር ጡረታ ምን ያህል እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ምን ትመክሪኛለሽ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ለጊዜው ኮምፒውተሩን ከጠረጴዛው አያንሱት። ጨርሶ ይቆማል ያለዎት ልጅ ወይ አያውቅም ወይ ገበያ ቀዝቅዞበታል። እኔም ከዚሁ ሙያ እንጀራ የምበላ ስለሆንሁ የሙያ ጓደኞቼ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ይበላቸው።

ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን ያወጣው ሐምሌ 22 ቀን 2007 ነው፤ ድጋፉን ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018። ቆመ የተባለው በየወሩ በፈረንጆቹ ሁለተኛ ማክሰኞ ይላክ የነበረው የደኅንነት ማስተካከያ ነው። ኤክሴልዎ እንደወትሮው ይከፈታል፤ ልጅዎን እንደወትሮው ያዩዋታል። ከእንግዲህ ግን በዊንዶውስ 10 ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም። ይባስ ብሎ 10 እና 11 ብዙ የውስጥ አካል ይጋራሉ፤ ለ11 የተላከውን ማስተካከያ አገላብጦ ማንበብ የሚችል ሌባ በ10 ውስጥ ሳይደፈን የቀረው ቀዳዳ የት እንዳለ ከዚያው ይረዳል።

ይህ ለማስፈራራት ያህል የተነገረ አይደለም። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዋናክራይ የተባለ፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮግራም ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ተዛምቶ ነበር፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ በሽተኛ እስከ መመለስ ደርሰዋል። ማስተካከያው ግን የወጣው ከሁለት ወር ቀደም ብሎ መጋቢት ላይ ነው። ከተጠቁት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ዊንዶውስ 7 የነበራቸው ናቸው፤ ዊንዶውስ 7 በዚያን ጊዜ ገና ድጋፍ ነበረው። ባለቤቶቹ ማስተካከያውን ስላልጫኑ ብቻ ተያዙ። ከዚያው ዊንዶውስ 7 ጋር ሆነው ማስተካከያውን በጊዜው የጫኑት አልተነኩም። ስለዚህ ቁጥሩ 10 ወይም 11 መሆኑ አያስጨንቅዎ፤ የሚያስጨንቀው ማስተካከያ የሚመጣበት መንገድ መኖር አለመኖሩ ነው።

መንገድ ደግሞ አለ። ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማስተካከያውን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚያራዝም ምዝገባ ከፍቷል። 30 ዶላር የሚከፍል ይመዘገባል፤ ያ ለእኔም ለእርስዎም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ይጠይቃልና ይለፈን። ነጻው መንገድ በማይክሮሶፍት መለያ ገብቶ የኮምፒውተሩን ቅንብር ከዚያ መለያ ጋር ማመሳሰል ነው። ሴቲንግስ ከፍተው ማስተካከያ የሚወርድበትን «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ገጽ ይግቡ፤ መመዝገቢያው እዚያው ይታያል። ካልታየ እትምዎ አሮጌ ሊሆን ይችላልና የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 እትም፣ ማለትም 22ኤች2፣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከአር ጋር ተጭነው በሚወጣው ሳጥን ዊንቨር ብለው በላቲን ፊደል ሲጽፉ ይነግርዎታል። መለያውን ልጅዎ ከካናዳ በስልክ እየመራች ልትከፍትልዎ ትችላለች። የይለፍ ቃሉን ግን እርስዎ በእድሩ መዝገብ ሳይሆን በራስዎ ማስታወሻ ይጻፉት። የእድር መዝገብ እጅ ይበዛበታል።

አሁን ወደ ወጣቱ ሐሳብ እንምጣ። ከአይ5 ቀጥሎ ያለው ቁጥር የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ትውልድ ይናገራል። 6500 ስድስተኛ ትውልድ ነው፤ 8250 ቢሆን ስምንተኛ፣ 10210 ቢሆን ዐሥረኛ ይሆን ነበር። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ኮር ቤተሰብ በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው። ከዚህ ሌላ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር ቁልፍ የሚጠብቅ ክፍል ይፈልጋል። ይህን ፍተሻ ዘልሎ መጫን እንደሚቻል አልክድም፤ በየቀኑ ይደረጋል፤ ይሠራልም። ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ በጓሮ በር ለገባ ኮምፒውተር ማስተካከያ እልካለሁ ብሎ ቃል አይሰጥም፤ በየዓመቱ የሚወጣው ዋና እትምም በራሱ አይመጣለትም። እርስዎ የሚሸሹት ማስተካከያ ማጣትን ከሆነ ገንዘብ ከፍለው ወደዚያው ችግር መግባት ምን ይባላል?

ከዚህ የሚከፋ ነገርም አለ። በእኛ ከተማ «ዊንዶውስ ልጫንልዎት» ሲባል በአብዛኛው ማሻሻል ማለት አይደለም፤ ፎርማት ማለት ነው። ማሻሻል ፋይሉንም ፕሮግራሙንም ባለበት ትቶ ዊንዶውሱን ብቻ ይቀይራል፤ ካልወደዱትም እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይቻላል። ፎርማት ግን ሲ የተባለውን ክፍል ጠርጎ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሰው ሁሉ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ያለው ሲ ውስጥ ነው። ጥሩ ጠጋኝ አስቀድሞ «የሚፈልጉት ፋይል የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያልጠየቀ እንደሆነ ከእጁ ይቀበሉት። ሌላው ነገር ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ የሚጫነው ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ ነው፤ ያንን ሕጋዊ ለማስመሰል የሚያገለግለው ክራክ ሥራውን ለመሥራት ጸረ ቫይረሱን አስቀድሞ ማጥፋት ይፈልጋል። ዘበኛውን አሰናብቶ ቤት እንዲጠብቅ ሌባ መቅጠር ነው።

እዚህ ድረስ የተናገርሁት ለማንም ይሆናል። ለእርስዎ የምሰጋው ግን በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ነገር ጠቅሰው ስላለፉት ስለ ቪዥዋል ግዕዝ ነው።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የዓለም ፊደላት ሰንጠረዥ፣ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፕሮግራሞች፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት ሰው ያልተዋቸው፣ በተውሶ ቦታ የሚኖሩ ነበሩ። ለእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች የተመደበውን ቢበዛ 256 ቦታ ወስደው የ«ለ»ን ቅርጽ በአንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ላይ፣ የ«ሐ»ን በሌላ ላይ አስቀመጡ። የእኛ ፊደል ከነዝርያው በዚያ ስለማይበቃው አንዳንዱን ፊደል ከሁለት ቁራጭ ይገጣጥሙታል፤ አንዳንዱን ወደ ሁለተኛ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ ወደያዘ ሌላ ፋይል፣ ይልኩታል። ስለዚህ በዚያ ዘመን የጻፉት የለቅሶ ግጥም በኮምፒውተሩ ልብ ውስጥ አማርኛ አይደለም። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከጠፋ ግጥሙ ዓይንዎ እያየ ወደማይነበብ ዝብርቅርቅ ይለወጣል።

ፎንቱ ደግሞ የሚኖረው ዊንዶውስ ውስጥ ነው። ሲ ሲጠረግ አብሮ ይጠረጋል። ጠጋኙ ዶክመንትዎን በፍላሽ ቢያወጣልዎት እንኳ ፎንቱን ማውጣት ትዝ አይለውም። ሽማግሌዎች እንባቸውን እየጠረጉ የነገሯቸው ግጥም ተከፍቶ የማይነበብ የሆነባቸው ሰዎች ወደ እኔ ሱቅ ይመጣሉ፤ ፋይሉ አለ፣ ቁጥሩ ልክ ነው፣ ግን የትኛው ፎንት እንደነበረ የሚያስታውስ የለም።

ፋይሎችዎ የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት ቀላል ፈተና አለ። አንዱን ከፍተው አንድ ስንኝ ይምረጡና ፎንቱን ወደ ኤብሪማ ይለውጡት፤ ኤብሪማ ከዊንዶውስ 10 ጋር የሚመጣ፣ የእኛን ፊደል የሚያውቅ ፎንት ነው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ ምንም አይሆንም። ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ከተለወጠ አሮጌው ነው። ወይም ያንኑ ስንኝ ቀድተው ለልጅዎ በቴሌግራም ይላኩላት፤ «አባዬ፣ ይህ ምንድን ነው?» ካለች መልሱን አገኙ። በስሙ ብቻ አይፍረዱ። ቪዥዋል ግዕዝም ፓወር ግዕዝም ሁለቱንም ዓይነት ፎንት አውጥተዋል፤ በፎንቱ ስም ላይ ዩኒኮድ የሚል ካለበት ደኅና ነው።

አሮጌ የሆኑትን እንዲህ ያድርጓቸው። ዛሬ ፎንቱ በቦታው እያለ እያንዳንዱን ከፍተው በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ የፊደሉን ቅርጽ አብሮ ስለሚይዝ ነገ በየትኛውም ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ይነበባል። ቀጥሎ ፎንቶቹን ራሳቸውን ከዊንዶውስ የፎንት ማኅደር ወደ ፍላሽ ይቅዱ፤ እነሱም እንደማንኛውም ፋይል የሚቀዱ ናቸው። ወደ ዩኒኮድ መለወጡ ከዚያ በኋላ ጊዜ ወስዶ የሚሠራ ሥራ ነው። በነጻ የሚለውጡ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን ከሁለት ቁራጭ የተገጣጠሙት ፊደላት ላይ ይሳሳታሉና ፒዲኤፉን አጠገብ አድርጎ ቃል በቃል የሚያመሳክር ዓይን ይፈልጋሉ። የተማሪ ድርሰት ሲያርሙ ለኖሩ ሰው ይህ ሥራ ሳይሆን መዝናኛ ነው። ከእንግዲህ አዲስ ሲጽፉ በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ወይም ኪይማን በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይጻፉ፤ ሁለቱም ዩኒኮድ ናቸው።

ይህ ካለቀ በኋላ ገንዘብ የሚወጣበትን ልንገርዎ። አዲስ ኮምፒውተር አይግዙ። ኮምፒውተርዎን የሚያዘገየው ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ነው። እሱን ኤስኤስዲ በተባለው የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ ይቀይሩት። ሳታ የሚባለው፣ 2.5 ኢንች የሆነው ርካሹ ዓይነት ይበቃዎታል። ያለው ዊንዶውስ ከነፋይሉ ከነፎንቱ ወደ አዲሱ ዲስክ እንዲገለበጥ ያዙ፤ ፎርማት አይደረግ። ራሙንም ከ4 ወደ 8 ያሳድጉት፤ ስድስተኛው ትውልድ ዲዲአር3 የተባለውን የራም ዓይነትም ዲዲአር4 የተባለውንም የሚቀበሉ ቦርዶች ስላሉት የተሰካውን ነቅለው ሳያሳዩ እንዳይገዙ። የወጣውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ አይጣሉት፤ በመያዣ ሳጥን ተደርጎ በዩኤስቢ የሚሰካ መጠባበቂያ ይሆንልዎታል። ዋጋ አልጽፍም፤ ይህ መጽሔት እስኪታተም ይለወጣል። ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ግን አይወዳደርም።

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ፣ ከሌለዎት ደግሞ ከኤስኤስዲውም በፊት እሱን ያስቡበት። አዘዞ መብራት እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ እኔ አልነግርዎትም። ማስተካከያ እየተጫነ መብራት ቢጠፋ ዊንዶውሱ ሊበላሽና ላይነሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ የወጣቱ ትንቢት ደረሰ ማለት ነው።

ጥቅምት 2019 ሲመጣስ? ያን ጊዜ ሁለት ምርጫ ይኖርዎታል። አንዱ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለ ያገለገለ ኮምፒውተር መግዛት ነው። ሁለተኛው ሊኑክስ ሚንት የተባለውን ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እዚሁ ኮምፒውተር ላይ መጫን ነው። እኔ ለእርስዎ ሁለተኛውን እወድልዎታለሁ። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ማስተካከያ ይላክለታል፤ ስድስተኛ ትውልድ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ቴሌግራም አለው፤ የእድሩን የኤክሴል መዝገብ ሊብረኦፊስ ይከፍተዋል፤ አማርኛም ይጻፍበታል። ቪዥዋል ግዕዝ ግን አይሄድበትም፤ አሁኑኑ ወደ ዩኒኮድ ይቀይሩ የምልዎት ለዚህም ጭምር ነው። ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነስተው መሞከር ይቻላል፤ ፍላሹ ሲነቀል ዊንዶውስዎ እንደነበረ ይጠብቅዎታል። ልጅዎ ለእረፍት ሲመጣ አብራችሁ ሞክሩት።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ማራኪ ግቢ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ዐሥረኛ ትውልድ አይ5 ነው፤ ራሙ 8 ጊጋ። «ኮምፒውተርህ ለዊንዶውስ 11 ብቁ ነው፤ በነጻ ውሰድ» የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣብኛል። በሚቀጥለው ወር የመመረቂያ ጽሑፌን አቀርባለሁ። ልውሰደው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ውሰደው፤ ግን ጽሑፍህን ካቀረብህ በኋላ። ያንተ ኮምፒውተር በዋናው በር ነው የተጠራው። ከላይ ለጋሼ የነገርሁት ማስጠንቀቂያ አንተን አይመለከትም፤ የአንተ ጥያቄ የጊዜ ጥያቄ ብቻ ነው። ከማሻሻል በኋላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራምህ አልከፈትም ቢል፣ ወይም የመምሪያው ማተሚያ አላውቅህም ቢል፣ ያን የምታስተካክልበት ሳምንት የለህም። በዊንዶውስ አፕዴት ገጽ ላይ ማስተካከያን እስከ 35 ቀን ማቆየት ይቻላል፤ ከማቆየትህ በፊት የወረደ የደኅንነት ማስተካከያ ካለ ጫነው፣ ከዚያ አቆየው።

ካቀረብህ በኋላ ለሦስት ነገር ተጠንቀቅ። መጀመሪያ ዳታው ነው፤ ማሻሻያው በርካታ ጊጋባይት ይወስዳል። በስልክህ ዳታ አትሞክረው፤ የግቢውን ኢንተርኔት ተጠቀም። የስልክህን ዋይፋይ «ሚተርድ» ብለህ ምልክት ካደረግህበት ዊንዶውስ ሳያስፈቅድህ ትልልቅ ነገር አያወርድበትም፤ ይህ ለሁልጊዜም ይጠቅምሃል። ሁለተኛ፣ ባትሪህ ደክሞ ከሆነ መብራት ባለበት ሰዓት ሳይሆን ጄኔሬተር ባለበት ቦታ ጫን።

ሦስተኛው ሰው የማያውቀው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን በራሳቸው ይቆልፋሉ፤ ቢትሎከር ይባላል። ላፕቶፑ አንድ ቀን በሆነ ምክንያት ከተጠራጠረ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቅሃል። ቁጥሩ የሚቀመጠው በማይክሮሶፍት መለያህ ውስጥ ነው። መለያውን የከፈተልህ ሻጩ ከሆነ፣ በራሱ ኢሜይል ከፍቶልህ ከሆነ፣ ቁጥሩ ያለው ሻጩ ዘንድ ነው። ብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች ከአራዳም ከአዲስ አበባም የሚመጡት እንዲህ ሆነው ነው። ዛሬውኑ ሴቲንግስ ገብተህ በማን ኢሜይል እንደገባ ተመልከት። ያንተ ካልሆነ ማሻሻልን ተወውና እሱን መጀመሪያ አስተካክል፤ የመመረቂያ ጽሑፍህንም ከዚያ ላፕቶፕ ውጪ በሌላ ሁለት ቦታ አስቀምጥ።

ጥያቄ፦ አውቶፓርኮ አካባቢ ጽሕፈት ቤት አለኝ፤ ፕሮሰሰሩ ኮር ቱ ዱዎ በሆነ ዴስክቶፕ አማርኛና እንግሊዝኛ እጽፍበታለሁ። ዊንዶውስ 11 ይቀበላል?

መልስ፦ አይቀበልም፤ በጓሮ በርም አይገባም። ከ2017 ወዲህ ባለው በዊንዶውስ 11 አዲስ እትም፣ 24ኤች2 በተባለው፣ ፕሮሰሰሩ ሊያውቃቸው የሚገቡ ትእዛዞች አሉ፤ ኮር ቱ ዱዎ እነሱን አያውቅም። «ልጫንልህ» የሚል ቢመጣ አሮጌውን እትም ይጭንልህ ይሆናል፤ እሱም ድጋፉ ያለቀ ነው። የደንበኛ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ እየተቀበልህ በዚያ ኮምፒውተር ኢሜይል መክፈት ተው። መጻፍና ማተም ብቻ ይሥራ።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን ነሽ? ቀበሌ 18 የጅምላ መደብር ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ኮምፒውተሬ ዊንዶውስ 7 ነው፤ ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም ተጭኖበታል፤ የብዙ ዓመት ሒሳብ ውስጡ አለ። ኢንተርኔት ገብቶለት አያውቅም። የባለቤቱ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ «በዚህ ዘመን ዊንዶውስ 7? አሳፈራችሁን» ብሎ ወደ 11 ካልተቀየረ ብሏል። ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው፤ አትቀይሪው። ዊንዶውስ 7 ድጋፉ ያበቃው ጥር 5 ቀን 2012 ነው፤ ልጁ ያረጀ ነው ማለቱ አልተሳሳተም። ነገር ግን ለጋሼ የመከርሁትን ማስተካከያ ለአንቺ የማልመክርበት ምክንያት አለኝ፤ ያንቺ ኮምፒውተር ከማንም ጋር አይገናኝም። በኢንተርኔት የሚመጣ ሌባ ኢንተርኔት ወዳልገባበት ቤት የሚገባበት በር የለውም። አሮጌው ፒችትሪ ደግሞ ለዚያ ዘመን ዊንዶውስ የተሠራ ነው፤ በአዲሱ ላይ አንዳንዴ በብዙ መታገል ይጫናል፣ አንዳንዴ ይጫንና ዳታቤዙን አላገኘሁም ይላል። በዓመት መዝጊያ ላይ እንዲህ ቢገጥምሽ ሂሳብ የሚጠየቀው ከአንቺ እንጂ ከልጁ አይደለም።

አንቺን የሚያገኝሽ ችግር የሚመጣው በፍላሽ ነው። ፍላሽ ስትከፍቺ ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ አቋራጭ ምልክት ተለውጠው ካየሽ፣ ያን ምልክት አትንኪው፤ ቫይረሱ የሚነሳው እሱ ሲነካ ነው። ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ የሚያገለግል አንድ ፍላሽ መድቢ፤ ወደ ማተሚያ ቤትም ወደ ሌላ ሰው ላፕቶፕም አይሂድ። ግብር ለማሳወቅ ወይም ባንክ ለመግባት ኢንተርኔት ሲያስፈልግ በሌላ ኮምፒውተር ወይም በስልክሽ አድርጊ። «ለአንድ ቀን ብቻ» ብሎ የስልኩን ዋይፋይ የሚያገናኝልሽ ሰው ቢመጣ እምቢ በይ።

መጠባበቂያውን ደግሞ በፒችትሪ የራሱ የመጠባበቂያ ትእዛዝ በየሳምንቱ መጨረሻ ውሰጂ፤ ፎልደሩን ብቻ መቅዳት አይበቃም። ሁለት ውጫዊ ዲስክ ይኑርሽ፤ አንዱ መደብሩ ውስጥ፣ ሌላው ከመደብሩ ውጪ። ሃርድ ዲስኩ የብዙ ዓመት ከሆነ የሚከዳሽ ከዊንዶውሱ በፊት እሱ ነውና ለባለቤቱ የምትጠይቂው አዲስ ዲስክ ይሁን። ልጁ ካልተዋጠለት ሌላ ኮምፒውተር ይግዛና ፒችትሪውን እዚያ ላይ ጭኖ፣ ያንቺን መጠባበቂያ መልሶ፣ የአንድ ወር ሒሳብ በሁለቱም ላይ ሠርታችሁ ድምሩ እኩል ሲመጣ ያን ጊዜ ትነጋገራላችሁ። የኮምፒውተሩን ወጪ ሲሰማ ዝም ይላል ብዬ እገምታለሁ።